ካርታው ላይ ያልነበረው ደረጃ

ካርታው ላይ ደረጃው አልነበረም።

ጭንቄ ይህን ልብ ያለችው ወረቀቱ የማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ፣ ስትወጣ ስትገባ ስታየው ከዋለች በኋላ፣ ከሰዓት ላይ ነው። ለሻይ ውሃ ልትጥድ ስትል ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። የእህቷ ሰፈር ነጭ ነው። ነጭ ማለት ውሃ የማይደርስበት ማለት እንደሆነ ጠዋት ተነግሯት በዚያው ደስ ብሏት ነው የዋለችው። አሁን ዓይኗን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ልጇ አንድ ቀን እንዳስረዳቻት፣ ካርታ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው ከሄዱ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። እህቷ ቤት ለመድረስ ደግሞ ረጅም የድንጋይ ደረጃ መውረድ ግድ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንድም መስመር የለም። ከዋናው መንገድ እስከ ወንዙ ዳር መሬቱ እንደ ገበታ ሜዳ ነው።

«የቸኮለ ሰው የሠራው ነው» ብላ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ስሟ ጭንቄ አልነበረም። ግን እናቷ ካወጣችላት ስም ይልቅ የተጣበቀባት ይህ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ሁሉ በክፉ ጎኑ ይታያታል። ስልክ ሲጮህ ሰው ሞቷል፤ ልጅ ሲያስል ሳንባው ተነክቷል፤ የጎረቤት ድስት ሲያር ቤት እየነደደ ነው። በሯ አጠገብ ባትሪ፣ ሻማ፣ ክብሪትና ደረቅ ካልሲ የያዘ ቦርሳ ክረምት ከበጋ ተሰናድቶ ይቀመጣል። ማታ በሩን ከቆለፈች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ትሞክራለች፤ ከዚያ ትተኛለች፤ ከዚያ ተነሥታ እንደገና ትሞክራለች። ታላቅ እህቷ፣ «ጭንቄ እኮ ሠርግ ስትጠራ ጥቁር ልብስ በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትሄደው» እያለች ሰው ታስቃለች። ሐሰት አልነበረም። አንድ ጊዜ ይዛ ሄዳለች።

ታላቅ እህቷን እትዬ ትላታለች። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። የምትኖረው ድሮ የጡብ ፋብሪካ አፈር ሲቆፍርበት በኖረ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ ባለቤቶቹ ሲሄዱ፣ ቦታ ያጣው ሁሉ ወርዶ ጎጆውን ቀለሰበት፤ ዓመት ዓመትን ሲወልድ ሱቁም፣ ዳቦ ቤቱም፣ መብራቱም ወረደ። የውጭ ሰው «ጉድጓዱ» ይለዋል፤ የውስጡ ሰው «ቤት» ይለዋል። በጉድጓዱና በወንዙ መካከል ረጅም የአፈር ክምር አለ። የሰፈሩ የዝናብ ውሃ በክምሩ ሥር በተቀበረ ትልቅ ቱቦ አልፎ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሰው በሚያስታውሰው ዘመን ሁሉ፣ ውሃ በዚያ ቱቦ ሲወጣ እንጂ ሲገባ ታይቶ አያውቅም።

የጭንቄ ልጅ ደግሞ የምትሠራው የወንዙን ተፋሰስ በሚከታተለው መሥሪያ ቤት ነው። ጭንቄ ሥራዋን ለጎረቤት ስታስረዳ፣ «ልጄ ኮምፒውተር ውስጥ ዝናብ ታዘንባለች» ትላለች፤ ልጅቷም ራሷ ከዚህ የተሻለ አስረድታ አታውቅም። ከተራራው አናት እስከ ታችኛው ሜዳ፣ ወደዚያ ወንዝ ውሃ የሚያዋጣው አገር ሁሉ፣ ሸለቆውም ጉብታውም፣ በኮምፒውተሯ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። ይመጣል የተባለውን ዝናብ እዚያ ላይ ትጥለዋለች፤ ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚሞላ፣ የማንን ደጅ እንደሚረግጥ ታያለች። ከዚያ ካርታ ይወጣል። ሰማያዊው ይጥለቀለቃል፣ ነጩ ይተርፋል።

ያን ሰሞን ከባድ ዶፍ ይመጣል ተብሎ ጭንቄ እህል ቀመሰች ማለት አይቻልም። እትዬ ጋ ደጋግማ እየደወለች «ውጪና እኔ ዘንድ ነይ» ስትል ሰነበተች፤ እትዬም «የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ሳልጨርስ የትም አልሄድም» ስትል ሰነበተች። ያን ዕለት ጠዋት ግን ልጅቷ ቢሮ አድራ፣ ዓይኗ ቀልቶ ገባችና ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

«ይኸው። አክስቴ ጋ ደረቅ ነው። አሁን እንኳ ዕረፊ እማዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኮምፒውተሩ ነው ያለው።»

«ኮምፒውተር አይሳሳትም?»

«ካንቺ ያነሰ» ብላ ልጅቷ ሳቀችና ልትተኛ ገባች።

ያን ጊዜ ጭንቄ በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ስልኩን አንሥታ እህቷን «አትውጪ» አለቻት።

«እትዬ፣ ትናንት ያልኩሽን ተይው። እዚያው ሁኚ፤ ምንም አይመጣም።»

ከወዲያ የስፌት መኪናው ኳኳታ ቆመ።

«ማን ልበል?» አለች እትዬ።

«እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?»

«የኔ እህት እንዲህ አትልም። ስልኳን የሰረቅሽ ከሆነ መልሺላት።»

ከኋላ የወንድ ሳቅ ተሰማ። ጋሽ ሾፌር ናቸው፤ ከእትዬ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጡረተኛ የአውቶቡስ ነጂ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ የጠዋት ሻይ እትዬ ዘንድ ነው የሚጠጡት፤ ሻዩን እየጠጡ ስፌቷን ይተቻሉ፣ እሷ ደግሞ ድሮ የነዱትን መንገድ ሁሉ ትተቻለች።

«ምን አለች?» አሉ።

«ጭንቄ ምንም አይመጣም አለች።»

«ማን? ጭንቄ?» ብርጭቆው ሲቀመጥ ተሰማ። «ጭንቄ አይመጣም ካለችማ ሬዲዮኑን ዝጊው። ይህን ለሰፈሩ መንገር አለብኝ፤ ሰዉ ከማለዳ ጀምሮ ጓዙን እያሰረ ነው።»

እውነትም ጥላቸውን ዘርግተው ቤት ለቤት ዞሩ፤ «ጭንቄ ደህና ነው ብላለች» እያሉ። ሰፈሩ ጭንቄን ያውቃታል። እህቷን ልትጠይቅ በወረደች ቁጥር የዳቦ ቤቱን ምድጃ፣ የመብራቱን ሽቦ፣ የሕፃናቱን ሳል እያየች የምታስጠነቅቅ ሴት ናት። እሷ ያልፈራችውን ማን ይፈራዋል? ሳቁ ከደጅ ደጅ ተላለፈ፤ የታሰረው ጓዝም ተፈታ። ጭንቄ በስልኳ ያነሣችው የካርታ ፎቶ ለእትዬ፣ ከእትዬም ለሌላው ተላከ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሰው ሁሉ ነጩን ይዞ ተቀመጠ።

ጭንቄም ጋደም አለች። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ለካ ደስ የሚል ድምፅ አለው። እስካሁን ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ስትሰማ የኖረችው የሚፈስ ጣራ ነው። እንደ ሕፃን ተኛች።

ደረጃውን ያስተዋለችው ከዚያ እንቅልፍ ነቅታ ነው።

ልጅቷ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ከመኝታ ቤት ስትወጣ፣ ጭንቄ ከምድጃው ሳትዞር፣ «ካርታችሁ ግን ያን ደረጃ ረስቶታል» አለቻት። «የእትዬን ጉልበት የጨረሰውን። ቦታውን ሜዳ አድርጋችሁታል።»

«የቱን ሜዳ?»

«እይዋ።»

ልጅቷ ወደ ማቀዝቀዣው ቀረበች። ጭንቄ ዞር ብላ አየቻት። ፎጣው ወድቋል፤ አላነሣችውም። ጣቷን ነጩ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ፊቷ ከወረቀቱ በላይ ነጥቷል።

«ሞልቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«መሬቱ የሚለካው ከአየር ላይ ነው እማዬ። ልኬቱ ውስጥ በስህተት የገባ ብዙ የውሸት ጉድጓድ ይኖራል። እንዲሁ ዝናብ ብንጥልበት ውሃው እዚያ እየገባ ይቀራል፤ ወንዝ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጉድጓዶቹን እንሞላቸዋለን። አንድ ትእዛዝ ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ፈልጎ ይሞላቸዋል።»

«እና?»

«እና የአክስቴን ሰፈር ስህተት ነው ብሎ ሞላው።»

ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀመረ። ማንም አላወረደውም።

«ሰው አለበት እኮ» አለች ጭንቄ።

«ለፕሮግራሙ ቁጥር ነው። ዙሪያው ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ ቁጥር።» ልጅቷ ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም። ሥራው የተሠራው ካርታው መጀመሪያ ሲዘጋጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዝናቡን ይቀያይራሉ እንጂ ወደ መሬቱ ተመልሶ ያየ የለም። «ያን ደረጃ እየዘለልኩ ነው ያደግኩት» አለች፤ ለእናቷ ይሁን ለራሷ አይታወቅም።

«አሁን ምን ይሆናል?»

«ወንዙ ሲሞላ በቱቦው ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ክምሩ ከለቀቀ…» አልጨረሰችውም።

«መቼ?»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ አየች። «ተራራው ላይ ዘንቦ ጨርሷል። ውሃው መንገድ ላይ ነው። ሳይመሽ ይደርሳል።»

ጭንቄ ክው ብላ ቀረች። የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ ፍርሃትን ታውቀዋለች፣ አብሯት ያደገ ነው። ይህ ሌላ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ያልፈሩትም እንደሚደርስ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ደወለች።

«እትዬ፣ አሁኑኑ ውጪ። ጋሽ ሾፌርም ይውጡ፣ ሁሉም ይውጣ። ካርታው ተሳስቷል።»

«እሰይ» አለች እትዬ። የስፌት መኪናዋ ኳኳታ አልቆመም። «ጠዋት አስደንግጠሽኝ ነበር፤ አሁን ራስሽን ሆንሽ።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«አንቺ መቼ ቀልደሽ ታውቂያለሽ? ይህን እጅጌ ልጨርስበት፤ ሲያባራ እመጣለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ደወለች፤ አልተነሣም። ዕድሜ ልኳን ስትጮህ ኖራ፣ አንድ ቀን ዝም ብትል ዝምታዋ ታመነ፤ አሁን ደግሞ ጩኸቷ ወደ ቀድሞ ዋጋው ተመልሷል።

ልጅቷ በሌላው ክፍል ከአለቃዋ ጋር ትነጋገራለች። የሰውየው ድምፅ ከስልኩ እያመለጠ ይሰማል፤ የክፉ ሰው ድምፅ አይደለም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ጉድጓዱን ከፍተሽ እንደገና አስኪጂው። ውጤቱን ልየውና እናስጠነቅቃለን። ጠዋት ነጭ ያልነውን አሁን ሰማያዊ ነው ካልን፣ ሌላ ጊዜ ማን ይሰማናል?»

«ተሠርቶ እስኪያልቅ ውሃው አይጠብቅም።»

«ባዶ እጄን ምን ብዬ ልናገር? አስኪጂው።»

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ጉድጓዱን እንዳለ እንዲተወው አዝዛ ዝናቡን እንደገና ለቀቀችበት። ከዚያ ኮቷን ለበሰች። «እሱ ይሂድ» አለች። «እኛም እንሂድ።»

ጭንቄ ቦርሳዋን ከበሩ አጠገብ አነሣች።

ታክሲው ከድልድዩ ወዲያ አልሄድም አላቸው። ድልድዩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ወንዙን በስልኩ ይቀርጻል። ወንዙ ጭቃ መስሎ፣ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ፣ ለማንም መንገድ ሳይለቅ ያልፋል። እናትና ልጅ በጎኑ ሮጡ። ጭንቄ ከጋብቻዋ በፊት ጀምሮ ሮጣ አታውቅም።

ደረጃው ቦታው ላይ ነበር። ጎርፉ በላዩ እየዘለለ ይወርዳል። ጭንቄ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ልጇን ተከትላ ወረደች። እዚህ ደረጃ ላይ አንድ ቀን ሰው ይሞታል ብላ ስንቴ ተናግራለች፤ ሁልጊዜ የምታስበው ግን ስለ እትዬ ጉልበት ነበር።

ታች ሰፈሩ እንደ ወትሮው ነው። ዳቦ ቤቱ ክፍት ነው፤ ከአንድ መስኮት ዘፈን ይሰማል። በእትዬ ግቢ መሃል ግን የፍሳሽ ቀዳዳው የብረት ክዳን ከቦታው ተነሥቷል፤ ከሥሩ ቡናማ ውሃ እንደ ምንጭ እየተንደቀደቀ ይወጣል፣ ወንዝ ወንዝ ይሸታል። ከላይ የሚወርደውን ሁሉም ሲያይ ውሏል፤ ከታች የሚወጣውን ግን ልብ ያለው የለም። ገና እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር።

እትዬ ወንበር ላይ ቆማ የታጠፈ ልብስ ቁም ሳጥን ላይ ትደረድራለች።

«መጣሽ?» አለች ሳትዞር። «ቤቴ ውሃ ገብቷል፤ አንቺ ያልሽው ባይሆንም ትንሽ ገብቷል።»

«እትዬ፣ ነይ እንውጣ።»

«ይህን ብቻ ላውጣና።»

«ተይው።»

«የሰው አደራ እንዴት ይተዋል? የተማሪ ቤት ሙሉ ልጅ ልብስ ነው። ነገ እናቶቻቸው ሲመጡ ምን ልበል?»

ልጅቷ ውሃውን እየረገጠች ገባች። «አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰፈራችሁን ካርታው ላይ ደፍኜዋለሁ። ውሃው ይመጣል፤ ይህ መጀመሪያው ነው።»

እትዬ ቁልቁል አየቻት። «አንቺ ደግሞ ምን ታጠፊያለሽ የኔ እናት። በይ ያንን ክምር አቀብዪኝ።»

ጋሽ ሾፌር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። አፋቸው ለቀልድ ተከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ዞር አሉና ዘጉት። ጥቂት ቆመው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አዩ። የትም አይሄድም፤ ይከማቻል።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉ።

ገብተው ከስፌት መኪናው አጠገብ የእትዬን ትልቅ መቀስ አነሡና ጭንቄ እጅ ላይ አኖሩት። «ይህን ይዘሽ ደረጃውን ውጪ። ይህች ሴት ነፍሷን ትታ ትቀር ይሆናል እንጂ መቀሷን ትታ አትቀርም።»

«አንተ ሽማግሌ፣ መቀሴን ነው የምትሰጥብኝ?» እትዬ ከወንበሩ ወረደች። ጭንቄ መቀሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች፤ እትዬም እየተሳደበች ተከተለቻት። ልጅቷ ክንዷን ያዘች። አደራው ቁም ሳጥኑ ላይ ቀረ።

ደረጃው ሥር ሲደርሱ ጋሽ ሾፌር አብረዋቸው አልነበሩም። ጭንቄ ዘወር ስትል ወደ ታችኛው የቤቶች ረድፍ፣ ወደ ክምሩ በኩል ሲራመዱ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«ጠዋት ቤት ለቤት ዞሬ 'ጓዛችሁን ፍቱ' ያለው ማን ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው በዝናቡ ውስጥ ይቆራረጣል። «አሁን ዞሬ ላሳስራቸው።»

«እኔ ነኝ ያልኩት። የኔ ቃል ነው።»

«አንቺማ በስልክ ነው ያልሽው፤ እኔ በየበራቸው ቆሜ ነው የሳቅሁባቸው።» ከዚያ እንደ ልማዳቸው ፈገግ አሉ። «ደግሞ ሾፌር መቼ ነው ከተሳፋሪው ቀድሞ የሚወርድ? አልጋ አንጥፉልኝ። በሩን ብቻ እንዳትቆልፉብኝ፤ ጭንቄ መቆለፍ ትወዳለች።»

«አንተ፣ ቶሎ ና» አለች እትዬ።

ከደረጃው አናት ላይ ሆነው ሰው ሲወጣ ያዩ ጀመር። መጀመሪያ የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ ከዚያ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ ከዚያ ፍራሽ የተሸከሙ፣ ቴሌቪዥን ያቀፉ። እያንዳንዱ ሲያልፍ ጭንቄ «ጋሽ ሾፌርን አያችኋቸው?» ትላለች። እነሱም «እሳቸው ናቸው ያስወጡን፤ ከኋላ ናቸው» ይላሉ። አንድ ሰው ቆም ብሎ አያት። «ደህና ነው ብለሽ አልነበር?» አላት። ስድብ አልነበረም፤ መጠየቁ ነበር። ጭንቄ መንገድ ለቀቀችለት።

ክምሩ ሲለቅ ብዙ ድምፅ አላሰማም። የከባድ መኪና አፈር እንደሚያራግፍ ያለ አንድ ድምፅ ብቻ። ከዚያ የሰፈሩ መብራት ከታች ወደ ላይ፣ ረድፍ በረድፍ ጠፋ። ዘፈኑም ቆመ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ፤ የሌሎቹም ተከታትሎ ጮኸ። መልእክት ነው፤ በወንዙ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ያላችሁ ባስቸኳይ ውጡ ይላል። አለቃው ውጤቱን ሳይጠብቅ ልኮታል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች የዳቦ ቤቷ ባለቤት፤ ስልኩን ጉያዋ ውስጥ መለሰችው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ሰውን ሁሉ ከጠርዙ አራቁት። መቆም የተፈቀደለት የለም። የሰፈሩ ሰው ወደ ተማሪ ቤቱ ሲሄድ፣ ጭንቄ እህቷንና ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ጎረቤት ገና እራቱን እየበላ ነበር። ጭንቄ የሳሎኑን ሶፋ ዘርግታ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች፣ ብርድ ልብስ ደረበችበት። የሟች ባሏን ነጠላ ጫማ ፈልጋ በሩ አጠገብ አኖረች። ደረቅ ካልሲውን ከቦርሳዋ አውጥታ በላዩ አስቀመጠች። መቀሱንም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እትዬ እርጥብ ቀሚሷን ሳትቀይር ተቀምጣ መቀሱን ታያለች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ነፋስ ሲገፋው ሦስቱም ቀና ይላሉ።

ከልጅቷ ክፍል አንድ አጭር ድምፅ ተሰማ። ኮምፒውተሩ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ጭንቄ ከልጇ ኋላ ቆማ አየችው። መስመሮቹ አሁን አሉ፤ ተጠጋግተው፣ ጥቅጥቅ ብለው፣ ደረጃው ያለበትን ቦታ እንደ ጣት አሻራ ከብበውታል። ውስጡ ሁሉ ሰማያዊ ነው። አንድም ነጭ አልቀረም።

«ልክ ነው» አለች ልጅቷ። «አሁን ልክ ነው።» እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ቀረች። ጭንቄ ፀጉሯን ልትነካ እጇን ዘረጋች፤ ምን ብላ እንደምታጽናናት ስላላወቀች እጇን ወንበሩ ላይ አሳረፈችው። ለሚመጣው ክፉ ሁሉ የምትለው አላት፤ ለመጣው ግን ምንም አላዘጋጀችም።

የእትዬ ስልክ ጮኸ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ናት፤ ከተማሪ ቤቱ።

«ከታችኛው ረድፍ ሁሉም ወጥቷል» አለች። «ቆጥረናል። አልጋ ላይ የነበሩት አሮጊት እንኳ ወጥተዋል፤ ጋሽ ሾፌር አዝለው ነው ያደረሱልን። ከዚያ አንድ በር ቀርቶኛል ብለው ተመለሱ።»

«እሱስ?» አለች እትዬ።

የዳቦ ቤቷ ባለቤት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሁን አገኟቸው። ደረጃው ሥር። መደገፊያውን እንደያዙ ነበር ያረፉት።»

እትዬ ስልኩን ቀስ ብላ ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። «ማን ቤት ነበር የቀረው በር?» አለች፤ መልስ ግን አልጠበቀችም። ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ሳይዘጋ የቀረው የራሳቸው በር ብቻ ነበር፣ ሾፌር ደግሞ ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ መኪናውን ሳይዘጋ አይሄድም።

ጭንቄ ካልሲውን አየች። ልታነሣው ጎንበስ ብላ ተወችው። ሄዳ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀቱን ነቀለች፤ የት እንደምታደርገው ግራ ገብቷት እንደያዘችው ቆመች። በሩ ነፋስ ገፍቶት ግድግዳውን መታ።

«ዝጊው» አለች እትዬ።

«እንዳትቆልፉብኝ ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

ጭንቄ ወደ በሩ ሄደች። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ነበር፤ በየማታው ዓይኗን ጨፍና የምታገኘው ቁልፍ። አላዞረችውም። ደጁ ጨለማ ነው፤ የመንገዱ መብራት ሥር ዝናቡ ይወርዳል፤ የሚመጣ ሰው የለም። እንዲሁ ቆመች።

እትዬ በታመመ ጉልበቷ ተነሣች። እህቷን በትከሻዋ ቀስ አድርጋ ገለል አደረገቻት፣ በሩን ገፋች፣ ቁልፉን አዞረች። የታችኛውንም መቀርቀሪያ ጣለች። ከዚያ ዕድሜ ልኳን ስትስቅበት እንደኖረችው፣ እጀታውን ይዛ ሞከረችው፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰችና እንደገና ሞከረችው።